ፍሬኑ ሳይሠራ

ጥር 9

ወንድሜ ፌንጣ፣

ደብዳቤህ ትናንት ከሰዓት ደረሰኝ። ጋሽ ጡሩንባ ገና ከጭነት መኪናቸው ሳይወርዱ ጡሩንባቸውን ሦስት ጊዜ ነፍተው ሰፈሩን በር ላይ አወጡት። በቅድሚያ «ወንድምሽ አብዷል» አሉኝ፤ ፖስታውን የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ እንዳልዋሹ አየሁ።

እንኳን ደስ ያለህ። ቀኑን ሙሉ መንገድ የሚደለድል ግሬደር ላይ ተቀምጦ በኤሊ ፍጥነት ሲጓዝ የሚውል ሰው የእሽቅድድም ሞተር ቢያምረው አይፈረድበትም። መሐንዲሱ ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ሸጦልህ መሄዱም፣ እናንተው የሠራችሁት አስፋልት አርባ ኪሎ ሜትር ባዶውን መተኛቱም ገብቶኛል። ስለ ሰማያዊ ቀለሙ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ ጎማው አንድ ቃል አለመተንፈስህም ገብቶኛል።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አይ፣ የጭስ መውጫውን ማርሚታ አትቀይር። የሚያጓራ ማርሚታ ሞተሩን አያፈጥነውም፣ ሰው ነው የሚያስቀይምህ። መስተዋቶቹንም አታሳጥር። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የሚያስኬደውን ሳይሆን የሚያቆመውን ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ ይሄን ጋራዥ ከያዝኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ የገዛውን ሞተር ሳይነዳ እየገፋ አምጥቶ «ፍሬኑን እዪልኝ» ያለኝ ሰው ቢኖር አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነው። አንተ ሁለተኛው ሁን።

የጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። አንብበህ ጻፍልኝ። መሪው ላይ ያለችውን የፍሬን ዘይት ዕቃ ፀሐይ ላይ እያት፤ ዘይቷ እንደ ማር ከሆነ ደህና፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ይቀየራል። የፍሬኑ ሸራ ከሳንቲም ውፍረት ካነሰ እሱም እንደዚያው። ይሄ ሁሉ እስኪሆን ከካምፑ አጥር እንዳትወጣበት። ከእናንተ እስከ እኛ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ። አባባ «ነገ እሠራዋለሁ» ያለውን ፍሬን ይዞ እንደወጣም ታውቃለህ። ከዚህ በላይ አልልም።

እማዬ ደህና ናት። ጉንፋን ቢጤ ይዟት ከቤት አትወጣም እንጂ ሌላ ምንም የለም። የሞተሩን ነገር ስነግራት ሳቀች። «ከኋላው እቀመጣለሁ በይው» አለችኝ።

እህትህ

---

ጥር 12

እትዬ፣

አይቼዋለሁ። ጎማው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ እኮ ጥርሱ ስላላለቀ አዲስ መስሎኝ ነበር። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ግን እንደ ድንጋይ ነው። የፍሬን ዘይቱ ማርም ሻይም አይደለም፣ የመኪና ማጠቢያ ውሃ ነው የሚመስለው። ሸራው ደግሞ ከሳንቲም ማነሱን ተይው፣ ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። አሥር ቀን ሙሉ በዚህ ላይ ተቀምጬ ስከንፍ ነበር። ለመሐንዲሱ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ብቻዬን ቆሜ ጨረስኩት፤ ግን ሩቅ ነው፣ አይሰማም።

ከአጥር አልወጣም፤ ቃሌ ነው።

አንድ ነገር ግን ለራሴ መሥራት እፈልጋለሁ። ሰውየው የኋላውን መቀመጫ ነቅሎ በምትኩ ጉብታ ፕላስቲክ ገጥሞበታል፤ የኋላ እግር ማሳረፊያዎቹንም አውልቋቸዋል። የእሽቅድድም ሞተር ላይ ሁለት ሰው አያምርም ብሎ መሆን አለበት። እኔ ግን መቀመጫውን መመለስ ነው የምፈልገው። እማዬ እቀመጣለሁ ካለች ትቀመጣለች። አባባ በድሮው ሞተሩ ወንዙ ድረስ ሲወስዳት ነጠላዋን ጥርሷ ላይ ነክሳ፣ «ጨምር፣ ጨምር» እያለች ጎኑን ስትደበድበው ትዝ ይለኛል። እኔ ከፊት ታንኩ ላይ ነበርኩ። ከእኛ ሁሉ ፍጥነት የምትወድ እሷ ናት፤ ላይዋን ስታዪ ግን ቀን ሙሉ ቁልፍ ስትሰፋ የምትውል ሰው። የመቀመጫው ልክ ከዚህ ጋር አለልሽ።

የዓመት ፈቃዴ የካቲት 26 ይጀምራል። ያኔ በሞተሩ መጥቼ ወንዙ ድረስ አዞራታለሁ። እንዳትነግሪያት። ወይም ንገሪያት፤ ስትጠብቅ ትውላለች።

ሌላ ደግሞ፣ ደብዳቤሽ ግርጌ የእሷ መስመር የለም። ሁልጊዜ «ልጄ ካልሲህን ቀይር» ምናምን ብላ ትጨምርበት ነበር። ጉንፋን እጅ ይይዛል እንዴ?

ወንድምሽ

---

ጥር 23

ፌንጣ፣

ጋሽ ጡሩንባ ሁለት ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይትና በብረት ክር የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ ይዘውልህ መጥተዋል። ቱቦው ከእኔ ስጦታ ነው። የድሮው ላስቲክ ሲሞቅ ይነፋና ኃይሉን ይበላብሃል፤ ይሄኛው ግን የጨበጥከውን ያህል ይሰጥሃል። ሞተርህ ላይ የምፈቅድልህ የመጀመሪያው ማሻሻያ እሱ ነው።

ዘይቱን ስትቀይር ብቻህን አትችለውም። አንድ ሰው እጀታውን ጨብጦ ይያዝ፣ አንተ ከታች ብሎኗን ሩብ ዙር ክፈት፣ ዘይቱና አየሩ ይውጣ፣ ዝጋ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እጀታውን ይልቀቅ። ቀድሞ ከለቀቀ አየር ይመልስብሃል። አረፋ እስኪጠፋ ይሄን ሠላሳ ጊዜም ቢሆን ድገመው። ዘይቱ ሰማያዊ ቀለምህ ላይ ጠብ ካለ ይልጠዋል፤ ጨርቅ አልብሰው። ጎማውን ጎሚስታ ይግጠምልህ፤ ካምፑ ውስጥ አንድ አይጠፋም። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ የሚያንሸራትት ቅባት ይዞ ነው የሚመጣው፣ የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር እንደ ሽማግሌ ንዳ።

የእማዬ መነጽር ተሰብሮ ነው ያልጻፈችልህ። ተጠግኖ እስኪመጣ አታይም። ስለ ወንዙ ነግሬያታለሁ። ብዙ ትተኛለች በዚህ ሰሞን። ብርዱ ነው። አንተ ግን አትቸኩል፤ የካቲት 26 ካልክ የካቲት 26 ነው። ፈቃድህን አስቀድመህ እንዳትለምን።

መቀመጫውን አንድ ከተጋጨ ሞተር ላይ አገኝልሃለሁ። ቆዳ ሰፊው ጋ ወስጄ ቆዳ አስለብሰዋለሁ።

እህትህ

---

ጥር 26

እትዬ፣

ፍሬኑ ተሠራ። እጀታውን የያዘልኝ የካምፑ ምግብ አብሳይ ነው፤ ሰውየው ክንዱ እንደ እኔ ጭን ነው። «ያዝ» ስለው ይለቃል፣ «ልቀቅ» ስለው ይይዛል፤ ሠላሳ ያልሽው ስልሳ ሆነብን። በመጨረሻ ቃላቱን ቀይሬ «ሊጡን ጭመቅ»፣ «ሊጡን ተው» ስለው አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። አሁን እጀታውን በሁለት ጣት ስነካው ሞተሩ አፍንጫውን ደፍቶ ይቆማል። እትዬ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አላውቅም ነበር። ከዚህ በፊት የነዳሁት ሞተር አልነበረም፣ ዕድል ነው።

እንደ ሽማግሌ እየነዳሁ ነው። ምግብ አብሳዩ በእግሩ ቀድሞኛል።

አሁን የምጠይቅሽን በቀጥታ መልሺልኝ። ፍሬኑም ጎማውም አልቋል፤ ልምጣ ወይ? አለቃዬን ብጠይቀው አንድ ሳምንት ያስቀድምልኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰሞኑን ልቤ አልረጋም። እዚህ ስልክ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ መነጽሯ ከተሰበረ አንቺ ጻፊላት፤ እሷ ትንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ብትሰድበኝም ግድ የለም።

ወንድምሽ

---

የካቲት 7

ወንድሜ፣

ገና ነው፤ እንዳትመጣ። ፍሬኑ ተሠራ ማለት ሞተሩ ተሠራ ማለት አይደለም። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ካቴናው አለ።

ካቴና ሰው የሚንቀው ነገር ነው። መሐንዲሱን ቀብተኸዋል ወይ ብለህ ብትጠይቀው አዎ ይልሃል፤ ላዩን ቀብቶት ነው፤ አሸዋው ከሥሩ አለ። ለስላሳ ብሩሽ ላምባ ውስጥ ነክረህ አንድ በአንድ እጠበው። ሞተሩን አስነስተህ እያዞርህ እንዳታጥብ፤ ጣታቸውን እንደዚያ ያጡ ሁለት ደንበኞች አሉኝ። ጎማውን በእጅህ አዙረው። በጨርቅ አድርቀው። ትንሽ ነድተህ ሲሞቅ ቅባቱን ጥርሱን በሚነካው በውስጥ በኩል አጠጣው እንጂ በውጭ አትቀባው፤ በውጭ የቀባኸው ሱሪህ ላይ ነው የሚያልቀው። ቀባህና አትንዳ፤ ሰዓታት ይቀመጥ። ልልነቱን ከታች በኩል መሐሉ ላይ በጣትህ ግፋና ለካ፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ወደ ታች ካለ ደህና ነው። ጎማውን ሩብ እያዞርህ አራት ቦታ ለካ። አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ከላላ አርጅቷል፣ ከጥርሶቹ ጋር ይቀየራል፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ አይገጠምም። ስታስተካክለው የግራና የቀኙ ምልክት እኩል መሆኑን እይ፤ አለበለዚያ ጎማው ሰያፍ ይሆንና መንገዱን ይዞ አይሄድልህም። ይሄን በየአምስት መቶ ኪሎ ሜትሩ ድገመው። ዝናብ ከመታው ደግሞ የዚያኑ ቀን። የሞተር ዘይቱን ከነፊልትሮው፣ ካንዴላዎቹንም ቀይር፤ ልኬልሃለሁ። የፊተኛው አሞርዛተር ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ ዘንጉን በእጅህ ዳብሰው።

መቀመጫው ደርሶሃል። ቆዳው ጥሩ ነው፤ ሰፊው ሁለቴ ሰፍቶታል። እግር ማሳረፊያዎቹም አብረው አሉ።

እማዬ ስለ አንተ ሁሌም ~~ትጠይቅ ነበር~~ ትጠይቃለች።

እህትህ

---

የካቲት 10

እትዬ፣

ካቴናውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀብቼ፣ አራት ቦታ ለክቼ ጨረስኩ። እኩል ነው። ዘይቱም ካንዴላውም ተቀይሯል። መቀመጫው እዚያው ላይ እንደተወለደ ገጥሟል፤ ምግብ አብሳዩ ተቀምጦበት ሞክሬዋለሁ፣ እሱን የቻለ እማዬን አሥር ጊዜ ይችላል። የቀረ ነገር የለም። ሊስትሽ አልቋል።

አሁን ስሚኝ። ስለ ካቴና ሦስት ገጽ ጽፈሻል። አንቺ እኮ ስለ ሠርግሽ ለእኔ የጻፍሽው ግማሽ ገጽ ነበር። ስለ እማዬ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፣ እሱም «ትጠይቅ ነበር» ብለሽ ከሰረዝሽው በኋላ። ጋሽ ጡሩንባ ዕቃውን ሲያወርዱ ዓይን ለዓይን አላዩኝም። ሻይ ስሰጣቸው «ሆዴን አሞኛል» አሉ። ጡሩንባም ሳይነፉ ነው የገቡት፤ ካምፑ ሁሉ «ዛሬ መኪናው ምን ነካው» ሲል ነበር።

ታማለች፣ አይደል? በጣም ታማለች። ንገሪኝ። ሕፃን አይደለሁም፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬውኑ ልነሳ ነበር፤ ሌላው ግሬደር ነጂ እጁን ተሰብሮ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ስለሆነ አለቃዬ ከየካቲት 26 በፊት ንቅንቅ የለም አለኝ። እምቢ ብዬ ልወጣ አስቤ ደግሞ «አትቸኩል» ያልሽውን አሰብኩና ተውኩት። አንቺ እያለሽ እሷ ምንም እንደማትሆን ስለማምን ነው የተውኩት።

ቅዳሜ የካቲት 26 ጠዋት እነሳለሁ። ከዚያ በፊት በመኪናው እውነቱን ላኪልኝ።

ወንድምሽ

---

የካቲት 21

ወንድሜ፣

ጋሽ ጡሩንባን ይሄን ደብዳቤ እጅህ ላይ ብቻ ጥለው እንዳይሄዱ ለምኛቸዋለሁ። አጠገብህ እንደተቀመጡ ነው የምታነበው። ከቆምክ ተቀመጥ።

እማዬ ሞታለች። ጥር 29፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። በማግስቱ ከአባባ ጎን ቀበርናት።

ጉንፋን አልነበረም። ልቧ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ እግሯ እያበጠ፣ ደረጃ ስትወጣ እያለከለከች ነበር። ሐኪሙ ለእኔ ለብቻዬ «ሳምንታትም ሊሆን ይችላል፣ ወራትም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ይሄን ያለኝ የሞተርህ ደብዳቤ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጽፍልህ ወረቀትና ብዕር አዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ጋሽ ጡሩንባ መጡ። የእሽቅድድም ሞተር ገዝተሃል። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ጎማ ላይ መቀመጥህን እንኳ አላወቅኩም ነበር ያኔ፣ ግን አወቅኩት። እጄ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ።

አንተ የማታውቀው ነገር አለ። አባባ የሞተ ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስታችን ናት የደወለችው፤ «እናቱ ታማለች፣ ልጄን ልየው ትላለች፣ ይድረስላት» አለች። አባባ የሰው ሞተር ሥር ተኝቶ ነበር። ጎንበስ ብዬ ነገርኩት፣ ልክ እንደሰማሁት፣ አንድ ቃል ሳላለዝብ። ተነሳ። እጁን እንኳ አልጠረገም። «የእኔ ፍሬን እንዴት ነው?» አለኝ፤ «ገና አልሠራነውም» አልኩት። «በአውቶቡስ ሂድ» አለችው እማዬ ከመስኮቱ። «አውቶቡሱ ነገ ነው» አለና ወጣ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ነው የተገኘው። አያታችን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ልጄ ለምን አይመጣም» እያለች።

እኔ አባባን የገደለው ፍሬኑ ነው ብዬ አምኜ አላውቅም፤ ለሰው እንደዚያ እላለሁ እንጂ። የገደለው ወሬው ነው። ወሬውን የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እንደገና አልነግርም አልኩ። ቢያንስ ፍሬኑ ሳይሠራ አልነግርም አልኩ። ፍሬኑ ሲሠራ ደግሞ እሷ ሄዳለች። ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን አላውቀውም፤ ካቴናውን የጻፍኩት በተቀበረች በሳምንቷ ነው።

መቀመጫውን ልኬልሃለሁ። አልክም ብል ታውቅብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ከቀበርናት በኋላ ሰፊው ጋ ሄጄ «ለእናቴ ነው፣ ለስለስ አድርገው» አልኩት። ካደረግሁት ሁሉ እሱን ሳስበው ነው ፊቴን የምሸፍነው።

በጭነት መኪናው ና። በሩ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። ሞተሩን እዚያው ተወው፤ ለዛሬ ብቻ ተወው።

እህትህ

---

የካቲት 25

እትዬ፣

በመኪናው አልመጣም። ጋሽ ጡሩንባ ይሄን ወረቀት እየጠበቁ ነው። ትናንት ሳነብ እጄን ይዘውኝ ነበር። ቁልፉን ስጠኝ አሉኝ፤ አልሰጠሁም። ሽማግሌ ሰው ገፍትሬ ወጣሁ። እሱን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ አንቺም ጠይቂልኝ።

ሞተሩን አስነስቼ ወጣሁ። ስንት እንደሄድኩ አላየሁም፤ ዓይኔ አያይም ነበር። አስፋልቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጠጠሩ የሚጀምርበት ጋ፣ አንዲት ሴት ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት፤ አየኋት ማለት አይደለም፣ ፊቴ ላይ ነበረች። ፍሬኑን ጨበጥኩት። ያዘ። ጎማው ጮኸ፣ ሞተሩ ግን አንድ ጣት እንኳ ወደ ጎን አላለም። ቀሚሷን ልነካው ስል ቆመ። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ሳትጥል አየችኝና «ቤትህ ምን ሆነ?» አለችኝ። «እናቴ ሞተች» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። መንገዱ ዳር አስቀመጠችኝና ውሃ አፈሰሰችልኝ። ሳለቅስ አብራኝ ተቀምጣ ዋለች፤ ሥራዋን ፈታች።

ስለዚህ ስሚኝ። ያ ፍሬን ባይይዝ ኖሮ አንቺን መጥላት ቀላል ይሆንልኝ ነበር።

በጭነት መኪና ና ብትይኝ አልመጣም ነበር ወይ? ይሄን ነው ሌሊቱን ስጠይቅሽ ያደርኩት። ጥር 12 ላይ «ታማለች፣ ከጋሽ ጡሩንባ ጋር ና» ብትይኝ በሁለት ቀን ቤት ነበርኩ። አሥራ አምስት ቀን እጇን እይዝ ነበር። ከዚያ ራሴን ጠየቅሁት፦ መኪናው እስኪነሳ ማግስቱን ትጠብቅ ነበር ወይ? አልጠብቅም ነበር። ያንን ጎማ፣ ያንን ፍሬን ይዤ የዚያኑ ሰዓት እወጣ ነበር። ራሴን አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂኛለሽ። ልክ ነበርሽ። ልክ መሆንሽ ግን ምንም አይሠራልኝም። ውሳኔው የእኔ ነበር። የምሞትም ከሆነ ወደ እሷ ስሄድ የምሞተው እኔ ነበርኩ።

አሁን ለምን እመጣለሁ? ማንን ላይ?

አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። የመጨረሻዋን ቀን ጻፊልኝ። ከጠዋት ጀምሮ። ምንም ሳትጨምሪ፣ ምንም ሳትቀንሺ። ካሁን በኋላ ለእኔ ብለሽ የምትደብቂው ነገር እንዳይኖር።

---

መጋቢት 5

ወንድሜ፣

ሳልጨምር ሳልቀንስ ብለሃል። እሞክራለሁ።

ጠዋት ተሽሏት ነበር። ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለች፤ አበጠርኩላት። ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጠጣች። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼው ስለነበር የጋራዡን ግቢ ታያለች። እኔ እሑድም ቢሆን ሥራ ነበረኝ፤ በየመሐሉ እጄን እየታጠብኩ እገባለሁ። ባለቤቴ መድኃኒት ፍለጋ ሄዶ ነበር፤ ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ነን።

ያን ሰሞን ሁሉ ሞተር በመንገድ ባለፈ ቁጥር «ይሄ የማን ነው?» ትለኝ ነበር። የአስተማሪው ነው፣ የፖስታ ቤቱ ነው፣ እላታለሁ። ድምፅ ለይታ ታውቃለች፣ ከአባባ ጊዜ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት እዚያ መስኮት ላይ ቁልፍ ስትሰፋ ነው የኖረችው። አንተ ትመጣለህ ብላ እንደምታዳምጥ ገብቶኛል፤ አንድም ቀን ግን «ጥሪልኝ» አላለችኝም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከሞተች በኋላ ነው። እሷም የአባባን ቀን ከመስኮቱ ያየች ሰው ናት። በጥር መጀመሪያ «እንዳመመኝ አትጻፊለት» ብላኝ ነበር። ይሄን እስካሁን ያልነገርኩህ ጥፋቴን ለእሷ ማካፈል ስላልፈለግሁ ነው። ግን ምንም አትቀንሺ ብለሃል።

ስድስት ሰዓት ላይ ትንፋሿ ተቀየረ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት አልፎ ይሆናል፣ ዳቦ አከፋፋዩ ሞተሩን ይዞ ግቢ ገባ። ሥራ እንደማልሠራ ሊነግረው የሚችል ሰው በር ላይ አልነበረም። ማርሚታው የተቀደደ ነው፣ ቤቱን ሁሉ አናወጠው። ዓይኗን ገለጠች። ለሁለት ቀን እንዲያ ጥርት ብሎ አላየሁትም ዓይኗን።

«ፌንጣ ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ደረሰ?»

«ደረሰ፣ እማዬ።»

«በደህና ነው የገባው?»

«በደህና ነው። ፍሬኑን ሠርቶ ነው የመጣው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ «እጁን ይታጠብና ይግባ፤ አታጣድፉት፣ ደክሞታል» አለች። ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ዳቦ አከፋፋዩ ከውጭ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፤ አልወጣሁም። እሷ በሩን እያየች፣ አንተን እየጠበቀች፣ ምንም ሳትጨነቅ ቆየች። አንዴ «ውሃው ቀዘቀዘበት መሰለኝ፣ ቆየ» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ።

ጋሽ ጡሩንባ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። እንደ ልማዳቸው ጡሩንባቸውን ነፉ፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያዩ ግን በሁለተኛው አቋረጡት። ደብዳቤህን ከኪሳቸው አወጡ። «ልምጣ ወይ?» ያልክበት ነው።

ይኸው ነው። አልጨመርኩም።

እህትህ

---

መጋቢት 8

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ዛሬ ከሰዓት አነበብኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምግብ አብሳዩ መጥቶ አየኝና በሩን ዘግቶልኝ ሄደ።

ነገ ጠዋት ከጋሽ ጡሩንባ ጋር እነሳለሁ። አለቃዬ ሌላ ነጂ አምጥቷል። ሞተሩን ቆልፌ ቁልፉን ለምግብ አብሳዩ ሰጥቼዋለሁ፤ መቼ እንደምነዳው አላውቅም።

ይሄን ደብዳቤ እሑድ ከሰዓት በእጄ ነው የምሰጥሽ። በአፌ ልለው ብሞክር እንደማልችል አውቃለሁ፣ ስትቆጪም ስታለቅሺም ያው ቋንቋ ይጠፋኛል። በር ላይ ቁሚና አንብቢው፤ እኔ ግቢው ውስጥ እጠብቃለሁ።

ለእሷ የዋሸሽውን ይቅር ብዬሻለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት እዚያ ብኖርና ሌላ ሰው ብትጠራ፣ እኔም አዎ እል ነበር። ሲያስፈልጋት ልጇን አምጥተሽላታል።

ለእኔ የዋሸሽውን ግን ገና ነኝ። አልቻልኩም። እንደሚቻል ያሰብኩባቸው ሰዓታት አሉ፣ ከዚያ ደግሞ ይመለሳል። አታጣድፊኝ። አንቺም ብቻሽን እንዳታለቅሺ፤ እኔ ካለሁ አብረን እናልቅስ፣ እሱን እችላለሁ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ግባ ብለሽ አትጥሪኝ። ራሴ እገባለሁ።

ወንድምሽ